ንስሐ እንዴት ይገባል? ከጣና ዳር የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሳያይ አይመለስም። ከወደቡ ወርዳችሁ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ትሄዳላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ከሥዕሎቹ መካከል በላዔ ሰብእ አለ።

ታሪኩን ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ ሰምተነዋል። ሰውዬው የገዛ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው በላ። አንድ ቀን ውኃ የጠማው ለምጻም ለመነው። በእግዚአብሔር ስም ሲለምነው እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ከሞተ በኋላ ነፍሱ በሚዛን ተቀመጠች። 78ቱ ነፍስ ሊደፋ ሲል የእመቤታችን ጥላ በጥርኝ ውኃው ላይ አረፈ። ሚዛኑም ወደ ምሕረት አጋደለ።

ይህን ሥዕል አይቶ "እንግዲህ እኔ ምን አስጨነቀኝ? ለአንድ የኔ ቢጤ ውኃ አጠጥቼ እገላገላለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ያኔ እኔ ራሴ ሚዛን የምሰርቅ ሰው ነበርኩ። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

ይህ ጽሑፍ "ንስሐ መግባት እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት ልጀምር?" ለሚል ሰው ነው። ካህን አይደለሁም። የተዋሕዶ ምእመን ነኝ፣ በመንገዱ ወድቄ ተነሥቼ ሄጄበታለሁ። ንስሐ አባታችሁ እኔ ከጻፍኩት የተለየ ከነገሯችሁ የእሳቸውን ስሙ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ቃሉ ምን ይላል?

በግእዝ "ነስሐ" ማለት ተጸጸተ ማለት ነው። ሐዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪኩ ቃሉ "ሜታኖያ" ነው፤ የአሳብ መለወጥ። የብሉይ ነቢያት ደግሞ በዕብራይስጥ "ሹብ" ይላሉ፤ ተመለስ። ሦስቱን አንድ ላይ ስታዩአቸው ነገሩ ይገለጣል። ልብ ያዝናል፣ አሳብ ይለወጣል፣ እግር ይመለሳል። ብዙዎቻችን የምንቀረው መጀመሪያው ላይ ነው።

ጸጸት ብቻውን የትም አያደርስም። ይሁዳም ተጸጽቷል። 30ውን ብር መልሷል። "በድያለሁ" ብሏል። ግን የሄደው ወደ ሸጠው ጌታ ሳይሆን ወደ ገዢዎቹ ነው። እነሱም አሰናበቱት። ከዚያ ገመድ ፈለገ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፣ ምርር ብሎ አለቀሰ፣ ግን ከወንድሞቹ ጋር ቆየ። ጌታ ያገኘውም ባሕር ዳር ነው። የእኛዋ ሳትሆን የጥብርያዶስ ባሕር ዳር። ፍም ተያይዞ፣ አሳ ተጠብሶ። ሦስት ጊዜ ለካደው ሦስት ጊዜ "ትወደኛለህን?" ተባለ። ይህን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ሌላ ጣዕም አለው።

ንስሐና ድኅነትስ እንዴት ይገናኛሉ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ንስሐ የድኅነት መግዣ ገንዘብ አይደለም። ዋጋው በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ያንን በእምነትና በጥምቀት እንቀበላለን። ጥምቀት ደግሞ አንዲት ናት፤ በጸሎተ ሃይማኖታችን የምንለውም ይኸው ነው። ጥር 11 ሕዝቡ ሁሉ ውኃ የሚረጨው በዓሉን ለማሰብ እንጂ ዳግመኛ ለመጠመቅ አይደለም። ታዲያ ከተጠመቅን በኋላ ለሠራነው ኃጢአት ምን ይሁን? ቤተ ክርስቲያን ንስሐን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዷ አድርጋ የቆጠረቻት ለዚህ ነው። አባቶች የእንባ ጥምቀት ይሏታል። የተዘጋ በር የምትከፍት እንዳትመስላችሁ። በሩ ክፍት ነው፤ የሄድነው እኛ ነን።

ወንጌላውያን ጎረቤቶቻችን በዚህ ከእኛ ይለያሉ። ለእነሱ ኑዛዜው በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው። "በኃጢአታችን ብንናዘዝ" የሚለውን 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን ይጠቅሳሉ። እኛ ያንንም ተቀብለን፣ ጌታ ለሐዋርያት "ይቅር ያላችኋቸው ይቀርላቸዋል" ያለውን ዮሐንስ 20፥23ን እንጨምራለን። ካህኑ የሚቆመው በዚያ ቃል ነው። ከዚህ በታች ያለው የእኛው ሥርዓት ነው።

ደረጃ 1፦ ራሳችሁን መርምሩ

አንድ ማታ ስልኩን አጥፉ። ደብተር ያዙ። አባቶች ኃጢአትን በሦስት ይከፍሉታል፦ በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር። በአሳብ፣ በቃል፣ በሥራ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ዐሥርቱን ትእዛዛት አንድ በአንድ ተመልከቱ። "አትግደል" ላይ ስትደርሱ ቶሎ አትለፉ። ስም ማጥፋትም አለ። ባለፈው ወር ያማችሁት ሰው አለ።

ከዚያ ማቴዎስ 25ን ክፈቱ። ጌታ የሚጠይቃቸው ስድስት ነገሮች አሉ፦ ተርቤ፣ ተጠምቼ፣ እንግዳ ሆኜ፣ ታርዤ፣ ታምሜ፣ ታስሬ። እዚያ ላይ ሰዎቹ የተፈረደባቸው በሠሩት ሳይሆን ባልሠሩት ነው። ይህ ዝርዝር "እኔ እኮ ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅሁም" የሚለውን ሁሉ ዝም ያሰኘዋል።

የጻፋችሁትን የትም አትጣሉት። ከተናዘዛችሁ በኋላ አቃጥሉት። ስልክ ላይ መጻፍ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ልጆቻችሁ ስልካችሁን ይከፍታሉ።

ደረጃ 2፦ ንስሐ አባት ያዙ

"የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው" የሚባለው በእኛ ይደርሳል። ዙሪያችንን ገዳም ነው። ክብራን፣ እንጦስ፣ ዳጋ፣ ጣና ቂርቆስ። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ አንናዘዝም።

ንስሐ አባት ካህን መሆን አለበት። ዲያቆን አይናዝዝም። መነኩሴ ሁሉም ካህን አይደለም፤ ቅስና ያለውን ጠይቁ። ባሕታዊ ነኝ ብሎ መንገድ ላይ ስማችሁን ጠርቶ ኃጢአታችሁን የሚነግራችሁ ሰው ንስሐ አባት አይሆናችሁም። ጥሩ ሰባኪ መሆንም ብቻውን አይበቃም።

የባሕር ዳር ሰው ሁሉ የደሴት መነኩሴ ይመኛል። እኔም ተመኝቼ ነበር። ነገር ግን አስቡት። ሐይቁ ማዕበል ያነሣል፣ ጀልባው ገንዘብ ነው። ሴቶች ደግሞ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ አይገቡም። ሲከፋችሁ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሮጣችሁ የምትደርሱባቸው አባት ይሻላሉ። ስለዚህ ከቤታችሁ ከሚቀርበው ደብር ጀምሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠብቁ። መስቀል ተሳለሙና "አባቴ፣ የንስሐ ልጅዎ መሆን እፈልጋለሁ" በሉ። ከዚህ የበለጠ መግቢያ አያስፈልግም። ሰው የሚበዛባቸው ከሆነ የሰበካ ጉባኤው ቢሮ ሌላ አባት ይጠቁማችኋል።

ባልና ሚስት አንድ ንስሐ አባት ቢኖራቸው መልካም ነው። አንዴ ከያዛችሁ በኋላ ደግሞ አትዙሩ። ከአንዱ ጋር ቀኖናው፣ ማለትም የሚያዝዙት ጾምና ስግደት፣ ሲከብድ ወደ ሌላው መሄድ ቅዳሜ ገበያ ዋጋ እንደማጠያየቅ ነው። ከተማ ከለቀቃችሁ ነግራችሁና ተሰናብታችሁ ሂዱ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። ብዙ ቤት ንስሐ አባት አለ፤ ኑዛዜ ግን የለም። ለበዓል ይመጣሉ፣ ጸበል ይረጫሉ፣ ዳቦ ይባርካሉ፣ ጠላ ይቀርባል፣ ይሄዳሉ። ንስሐ አባት የዝክር እንግዳ ሆነው ቀርተዋል። ይህ የእሳቸው ጥፋት ብቻ አይደለም። እኛም አፋችንን አንከፍትም።

ደረጃ 3፦ ተናዘዙ

በእኛ ዘንድ እንደ ካቶሊኮች የኑዛዜ ሳጥን የለም። ቅጥር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር፣ ወይም ሰው በሌለበት ጥግ ይሆናል። ቀጠሮ ያዙ። በቅዳሴ ግርግር መካከል አይመችም። በስልክና በቴሌግራም ድምፅም አይሆንም።

መጀመሪያ አባት ይጸልያሉ። ከዚያ እናንተ ትናገራላችሁ። እንዲህ አድርጉ።

ኃጢአቱን በስሙ ጥሩት። "ትንሽ ተሳስቼ ነበር" ስትሉ ስርቆት ስርቆት መሆኑ ይቀራል። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ተናገሩ፦ አንድ ቀን ነው ወይስ ዐሥር ዓመት? የራሳችሁን ብቻ ተናገሩ። "ባለቤቴ እንዲህ ባታደርግ ኖሮ" ማለት ከጀመራችሁ የእሷን ኃጢአት ነው የምትናዘዙት። አዳምም "ይህች የሰጠኸኝ ሴት" ብሎ ነበር፤ አልጠቀመውም። የዝሙት ጉዳይ ከሆነ ዓይነቱን ተናገሩ እንጂ ወሬውን አትተርኩ። የከበደውን አስቀድሙ፤ ወደ መጨረሻ ካቆያችሁት ሰዓቱ ያልቅና ሳይነገር ይቀራል።

የእኔ የመጀመሪያ ኑዛዜ ቀልድ ነበር። "አባቴ፣ በሁሉም በድያለሁ" አልኩ። ትሑት የሆንኩ መስሎኝ ነው። አባ ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ ሐኪም ቤት ሄደህ ሁሉን ያመኛል ብትል ምን ያዝዙልሃል?" አሉኝ። አፈርኩ። ጾም እንደገደፍኩ፣ እንደዋሸሁ፣ እንደሰከርኩ ነገርኳቸው። ሚዛኑን ግን አልተናገርኩም።

ምሥጢሬ ይወጣ ይሆን ብላችሁ የምትሰጉ አላችሁ። ካህን በኑዛዜ የሰማውን ለማንም የመናገር ሥልጣን የለውም። ይህ ለእሱም ከባድ ሕግ ነው። አፋቸው ልል የሆኑ ሰው መሆናቸውን የምታውቁ ከሆነ ከመጀመሪያው ሌላ ምረጡ።

ደረጃ 4፦ የወሰዳችሁትን መልሱ

ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው።

ወጣት ሳለሁ አሳ መሸጫ ውስጥ እሠራ ነበር። ሚዛኑ ባለ ሁለት ሳህን ነው። የአሳው ሳህን ሥር በሰም የተለጠፈች ቁራጭ ብረት ነበረች። የለጠፍኳት እኔ ነኝ። ቆሮሶ የገዛ ሁሉ በየኪሎው ጥቂት ጥቂት ይጎድልበታል። ትርፉን ለብቻዬ አስቀር ነበር። ወደ ሁለት ዓመት ቆየ።

ሁለተኛ ጊዜ አባ ዘንድ ስሄድ ተናገርኩት። ልክ እንደጨረስኩ እንባ መጣ። ቀለል አለኝ። የተገላገልኩ መሰለኝ። አባ ግን መስቀላቸውን አላነሡም። "ገንዘቡስ?" አሉ።

"ገንዘቡማ አለቀ አባቴ።"

"የሰዎቹስ ስም አለቀ?"

ዘኬዎስን አስታወሱኝ። ሉቃስ 19 ነው። ጌታ ቤቱ ሲገባ ግማሽ ሀብቱን ለድሆች፣ በሐሰት የወሰደውን ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ጌታም "ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል" አለው። መዳኑን የገዛው በገንዘቡ ነው? አይደለም። ጌታ አስቀድሞ ጠርቶታል፣ ከዛፉ አውርዶታል። መመለሱ በእግሩ እንደሆነ የታየው ግን ኪሱ ሲከፈት ነው። በኦሪትም ዘኍልቍ 5 ላይ ሕጉ አለ። የወሰደ ይናዘዝ፣ ዋናውን ይመልስ፣ አምስተኛ እጅ ይጨምር ይላል። ባለቤቱም የሚቀበል ዘመዱም ከሌሉ ለካህኑ ይሰጥ ይላል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ዝርዝር አውጡ፦ ለማን፣ ምን፣ ስንት። ሰውየው በሕይወት ካለ ለእሱ፣ ከሌለ ለወራሾቹ መልሱ። ማንም ካልተገኘ ንስሐ አባታችሁ በሚመክሯችሁ መንገድ ለድሆች ስጡ። አንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ በየወሩ ክፈሉ። ስማችሁ ሳይታወቅ መመለስ ከፈለጋችሁ በሰው እጅ ላኩ፤ በቴሌብር ከላካችሁ ስማችሁ ይወጣል። እውነቱን መናገር ሌላ ሰው የሚያቆስል ወይም ቤት የሚያፈርስ ከሆነ ደግሞ ሳትማከሩ አትሩጡ። የራሳችሁን ሸክም በሰው ትከሻ ማውረድ ንስሐ አይባልም።

የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተጣላችሁት ሰው ካለ ሂዱና "አፉ በለኝ" በሉ። ማቴዎስ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ብቻችሁን ካልቻላችሁ ሽማግሌ ላኩ። ሰውየው እምቢ ካለ የእናንተ ድርሻ ተፈጽሟል።

በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር የሠራችሁም ንስሐን መደበቂያ አታድርጓት። ፈያታዊ ዘየማን፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ በዚያች ቀን ገነት ተሰጠው። ከመስቀሉ ግን አልወረደም።

እኔ ደንበኞቼን ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂቶቹን ነው። አንዲት እናት ነበሩ፣ ዓርብና ረቡዕ ጾም መሆኑን እየረሱ አሳ የሚጠይቁኝና እኔ የማስታውሳቸው። ጾም አስታዋሽ፣ ሚዛን ሰራቂ! ቤታቸው ሄድኩ። ነገርኳቸው። ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ "እኔኮ በምጣዱ የሚሟሽሽ ይመስለኝ ነበር" አሉና ሳቁ። ገንዘቡን ቆጥረው ተቀበሉ። መቀበላቸው በጣም ደስ አለኝ። "ተወው" ቢሉኝ ኖሮ ይከብደኝ ነበር። የቀረውን አባ እንዳዘዙኝ ለነዳያን ሰጠሁ።

ደረጃ 5፦ ቀኖናውን ፈጽሙ

ቀኖና ማለት አባት የሚያዝዟችሁ ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎትና ምጽዋት ነው። ቅጣት ይመስላል፤ መድኃኒት ነው። ቁጣ የበዛበትና ስስት የበዛበት አንድ ዓይነት አይታዘዝላቸውም። ስለዚህ "ለእገሌ ስንት ስግደት ሰጡት?" ብላችሁ አታወዳድሩ።

ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ እዚያው ተናገሩ። ስኳር አለብኝ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሌሊት ጥበቃ ነኝ በሉ። አባት ያሻሽላሉ። "እሺ" ብሎ ሄዶ ከመተው ይህ ይሻላል። ብዙ ጊዜ መዝሙረ ዳዊትም ይታዘዛል። በእኛ አቆጣጠር 50ኛው፣ በሌሎች መጽሐፍ ቅዱሶች 51ኛው የሆነው "እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ" የሚለው ነው። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ፣ ኦርዮንም አስገድሎ፣ ነቢዩ ናታን ከገሠጸው በኋላ ያለው ጸሎት ነው። በችኮላ የሚነበነብ አይደለም።

ደረጃ 6፦ "ይፍታህ" እና ቅዱስ ቁርባን

ቀኖናውን ስትጨርሱ ተመልሳችሁ ንገሩ። "አባቴ ይፍቱኝ" ትላላችሁ። በመስቀላቸው ባርከው "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይላሉ። የሚፈታው ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ አባት "እኔ ፈታሁህ" አላሉም።

ከዚያ ቁርባን ነው። እዚህ ደርሶ የሚመለስ ሰው ብዛቱ! ቅዳሴ ላይ ተመልከቱ። የሚቆርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። መካከል ያለነው ቆመን እናያለን። ንስሐ ገብቶ አለመቁረብ ታጥቦ ከድግሱ በር ላይ እንደመቆም ነው። ዝግጅቱን፣ የ18 ሰዓት ጾሙን፣ ባለትዳር ከሆናችሁ የምትታቀቡባቸውን ቀናት ንስሐ አባታችሁ ይነግሯችኋል።

ደረጃ 7፦ ስትወድቁ

የባሕር ዳር ሰባኪ ሁሉ ኃጢአትን በእምቦጭ ይመስለዋል። ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ጊዜ ግን በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ከሚያጭዱት ገበሬዎች ጋር ዋልኩና ምሳሌው ገባኝ። እምቦጩ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አለ። እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጅ ነቅለውታል። ማሽንም መጥቷል። ይመለሳል። ዘሩ ደለሉ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ፍሳሽ ደግሞ ይቀልበዋል። ስለዚህ መንቀል ብቻ አይበቃም፤ የሚቀልበውን መዝጋት ይፈልጋል።

እናንተም የሚቀልበውን ፈልጉ። መጠጥ ከሆነ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚደውልላችሁ ጓደኛ አለ። ዝሙት ከሆነ ስልካችሁ ውስጥ ያለ ቁጥር አለ። የእኔ ቀለብ ከሚዛኑ ጀርባ ብቻዬን መቆሜ ነበር። ሥራውን ለቀቅሁ።

ሚዛን ዳግመኛ አልሰረቅሁም። ውሸቱ ግን ተመለሰ። ሦስት ወር አባን ሸሸኋቸው። መንገድ ላይ ሳያቸው ባጃጅ ውስጥ አንገቴን ቀበርኩ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ቀና ብለው አዩኝ። ዳዊታቸውን አጥፈው አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። "ና ልጄ" አሉ፣ "ባለፈው የት ላይ ነበር ያቆምነው?"